ስለ ፀሐይ ጉዳት ሊያስተምሩን ጃንጥላችንን ላሳጠፉን ሰው

ጊቫት ኦልጋ፣ ሀደራ፣ እስራኤል
በዳስ በዓል ሰሞን፣ 1996 ዓ.ም.

ለክቡር አቶ አቪቻይ፣
የ«ፀሐይን በብልሃት» ዘመቻ ዋና አስተባባሪ፣
ባሉበት፣ ማለትም እንደ ሰማሁት «ማዝጋን» በሚባለው የአየር ማቀዝቀዣ ሥር፤

ክቡርነትዎ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ጤናዎን እጠይቃለሁ። በነሐሴ ወር የተላጠው አፍንጫዎ አዲስ ቆዳ አውጥቶ፣ መነጽር ሲያደርጉበትም ሳይቆጠቁጥዎ፣ በዓሉን በደስታና በጥላ ሥር እያሳለፉ እንደ ሆነ ተስፋ አደርጋለሁ። እኛ የጊቫት ኦልጋ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። ደኅና ያልሆነው የባለቤቴ የዘርፈሽ ዓይን ብቻ ነው፤ ይህም ደብዳቤ የተጻፈው ስለ እርሱ ነው።

ስሜ ያየህ ደሳለው ይባላል። በስም ባያውቁኝም በመልክ ይዘነጉኛል ብዬ አላስብም፤ ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል ጃንጥላውን አላጥፍም ብሎ ወደ ኋላ የተሰደደው ሽማግሌ እኔ ነኝ።

ይህን ደብዳቤ በአማርኛ መጻፌን እንደ ድፍረት እንዳይቆጥሩብኝ እለምናለሁ። ዘመቻዎ የላከልን ወረቀት ሁሉ በዕብራይስጥ ብቻ የተጻፈ ስለ ነበረ፣ እኔም መዝገበ ቃላት ይዤ እያንዳንዱን መሥመር ስፈታ ብዙ ከሰዓት በኋላዎችን ቤት ውስጥ፣ ከፀሐይ ርቄ፣ ተቀምጬ አሳልፌአለሁ፤ ለጤናዬም እጅግ ጠቅሞኛል። ያው ጥቅም ለእርስዎም ይድረስ ብዬ ነው። ፊደል የቆጠርኩት ያለ መምህር ስለ ሆነ፣ ከተሳሳትኩ የማሳብብበት ሰው የለኝም።

ከወረቀትዎ የተረዳሁትን ልናገር። ፀሐይ ከምናየው ብርሃንና ከሚሰማን ሙቀት ሌላ አልትራቫዮሌት የሚባል የማይታይ ጨረር ትልካለች፤ ይህ ጨረር ቆዳን ያቃጥላል፣ ያለ ዕድሜው ያስረጀዋል፣ ሲበዛም የቆዳ ነቀርሳ ያመጣል፤ ዓይንን ያቀላል፣ ዓመታት ሲደራረቡም ዓይን በሞራ እንዲጋረድ ያግዛል፤ ስስ ደመና አያስቆመውም፤ ከአሸዋና ከባሕር ውሃ ላይ እየነጠረ ከታች ወደ ላይም ይመጣል። ይህን ሁሉ አምኜ ተቀብያለሁ። እኔ ከፀሐይ ጋር ጠብ የለኝም፤ እርሷ የታዘዘችውን ትሠራለች፣ የምትሠራውንም አስቀድማ ደብቃን አታውቅም።

እንግዲህ ምስጋናዬንና ጥቃቅን ቅሬታዎቼን በቁጥር አስቀምጣለሁ፤ ባለ ሥልጣን ቁጥር የገባበትን ደብዳቤ ሳያነብ አይጥልም ብለውኛል።

፩ኛ. በመጀመሪያ ስለ ባሕር ዛፉ አመሰግናለሁ። ከሕንፃችን በታች ባለው የአውቶቡስ መቆሚያ አጠገብ አንድ ትልቅ ባሕር ዛፍ ነበረ። ወደ ሐኪም ቤት የሚወስደውን አውቶቡስ የምንጠብቅ ሁሉ ከሥሩ እንቀመጥ ነበር። በሰኔ ወር ሠራተኞችዎ መጋዝ ይዘው መጡ። ጎረቤቴ አያ ካሣሁን «ምን በድሏችሁ ነው?» ብሎ ቢጠይቃቸው «ሰሌዳ ሊተከል ነው፤ ዛፉ ይጋርደዋል» አሉት። በማግስቱ ሰሌዳው ተተከለ። ጥርሷን ያገጠጠች ቢጫ ፀሐይ ተሥላበታለች፤ ከሥሯም በትልልቅ ፊደል «ጥላ ፈልጉ!» ይላል። ከዚያ ቀን ጀምሮ እየፈለግን ነው። ጡረተኞች ሥራ ፈትተዋል ብሎ የሚያማን ሰው ካለ፣ እባክዎ ይህን ይመስክሩልን።

ደግነቱ ሰሌዳው ራሱ በጠዋት ከበስተኋላው ቀጭን ጥላ ይጥላል። እኛም ምክርዎን ከጀርባችን አድርገን እዚያች ላይ ተሰልፈን እንቆማለን። ምክርዎን ንቀን አይደለም፤ ጥላው በዚያ በኩል ስለ ዋለ ነው።

፪ኛ. ሁለተኛው ምስጋናዬ ስለ ትምህርቱ ነው። ወረቀትዎ በቀትር ከቤት አትውጡ ይላል፤ የጥሪ ወረቀትዎ ደግሞ በነሐሴ ወር፣ በቀትር፣ በባሕሩ ዳር አደባባይ ተሰብሰቡ ይላል። ሁለቱም ላይ ያለው የእርስዎ ስም ነው። እኛ ለሹም መታዘዝ ልማዳችን ስለ ሆነ፣ ኋላ የደረሰንን ትእዛዝ ይዘን ወጣን፤ ግን ጃንጥላችንንም ይዘን ነው የወጣነው።

ስለ ጃንጥላ አንድ ነገር እንዲያውቁልን እፈልጋለሁ። በእኛ አገር ትልቅ ሰው በበጋም ቢሆን ያለ ጃንጥላ ሩቅ መንገድ አይወጣም፤ በሰው ፊት ቆሞ ለሚያስተምር ቄስም ሌላ ሰው ከጎኑ ቆሞ ጃንጥላ ይይዝለታል። እዚህ ግን በጠራራ ፀሐይ ጃንጥላ ዘርግተን ስናልፍ ልጆች «ሳባ፣ ዝናቡ የት አለ?» እያሉ ይስቁብናል። ሳባ ማለት አያት ማለት ስለ ሆነ፣ ስድቡ እንኳ አክብሮት አለበትና አንቀየምም። እንግዲህ እርስዎ የአልትራቫዮሌትን ነገር ሊያስረዱን ከፍ ካለው መድረክ ላይ ሲወጡ ከፊትዎ ያገኙት ምንድን ነው? ጥቁር፣ ባለ መሥመር፣ ባለ አበባ፣ አደባባዩን ያለበሰ ጃንጥላ። ትምህርቱ ከመጀመሩ በፊት የገባቸው ተማሪዎች ማለት ነው። ሌላ መምህር ቢሆን ደስ ብሎት ወደ ቤቱ ይመለስ ነበር።

እርስዎ ግን ትጉህ ነዎትና አልተመለሱም። አስተርጓሚዋን፣ የሰፈራችንን ልጅ ኦርኒትን ጠርተው በጆሮዋ አንድ ነገር ነገሯት። ኦርኒት ጨዋ ልጅ ናት፤ ትልልቅ ሰዎችን ማዘዝ አፍራ ላብ በላብ ሆነች። «አባቶቼ፣ እናቶቼ፣ ይቅርታ አድርጉልኝ» አለች፤ «ጃንጥላችሁን እንድታጥፉ ይለምናል። ከኋላ ያሉት ሥዕሉን ማየት አልቻሉም።»

እኔም «ሥዕሉ የምንድን ነው?» ብዬ ጠየቅኋት።

«ጃንጥላ የያዘ ሰው ነው፣ አባባ ያየህ» አለችኝ።

ክቡርነትዎ፣ የዚያን ጊዜ የሳቅነው እርስዎን ለማሳፈር አልነበረም። ሌሎቹ እንግዳ አይከፋ ብለው አጠፉ። እኔ አላጠፍኩም። እርስዎም «ሳቭላኑት፣ ሳቭላኑት» እያሉ፣ ትዕግሥት ማለትዎ ነው፣ በእጅዎ ወደ ኋላ አሳዩኝ። ከኋላ ረድፍ ሄጄ ብቻዬን በጥላዬ ሥር ተቀመጥኩ፤ የምክርዎን ሙሉ ጥቅም በዚያ አደባባይ ያገኘው ብቸኛ ሰውም እኔ ሆንኩ። ስለዚህ ውለታዎ አለብኝ።

፫ኛ. ስለ ቆዳ መልኮች ሠንጠረዥ ደግሞ እንዲህ ነው። ያሳዩን ሠንጠረዥ ከወተት ጀምሮ ማር ላይ ያበቃል። ከመካከላችን ወይዘሮ ታንጉ ተነሥታ ወደ ሥዕሉ ተጠጋች፣ ክንዷንም ከሥዕሉ ጋር አስተያይታ «የእኛስ የት አለ?» ብላ ጠየቀች። እርስዎ ፈገግ ብለው «እናንተን ተፈጥሮ ጠብቃችኋለች፤ አትጨነቁ» አሏት። እጅግ አጽናኑን። አያ ካሣሁን ያን ጊዜውኑ ቆቡን አወለቀ፤ ከዚያ ወዲህም ራሱን ገልጦ ነው የሚሄደው። ስቆጣው «ባለሙያው ተጠብቀሃል ብሎኛል፤ ከእሱ አንተ ታውቃለህ?» ይለኛል።

እኔ ከእርስዎ አላውቅም። ግን ያ በወረቀትዎ ላይ የተጻፈው ስለ ዓይን የሚናገረው ክፍል፣ ዓይኑ የማን እንደ ሆነ አይለይም። ጥቁር ቆዳ ብዙ እንደሚመክት እሰማለሁ፤ ዓይናችን ግን ጥቁር ቆዳ አልለበሰም። የሰፈራችን አዛውንቶች ግማሾቹ በሞራ የተጋረደ ዓይን ይዘው ነው ከመድረክዎ ፊት የተቀመጡት። ደጋ ላይ፣ ለፀሐይ ቀርበው፣ ዕድሜ ልካቸውን ያረሱና ያጨዱ ናቸው። ከመድረኩ ትንሽ ጎንበስ ብለው ዓይን ዓይናቸውን ቢያዩአቸው ኖሮ፣ ሠንጠረዥ ሳያስፈልግዎ ትምህርቱን እዚያው ያገኙት ነበር።

፬ኛ. ስለ ፀሐይ መከላከያው ክሬም፦ ክሬሙ ይሠራል። ከአደባባዩ ስንወጣ ለእያንዳንዳችን ሲታደል የት እንደሚቀባ የነገረን አልነበረም። በአገራችን ለፀሐይ የሚሆን ቅባት ቅቤ ነው፤ ቅቤም የሚደረገው አናት ላይ ነው። ስለዚህ ወይዘሮ ታንጉ ቱቦውን ጨምቃ ጨምቃ ጠቅላላውን ሹሩባዋ ላይ አደረገችው። እስከ ቤቷ ድረስ ራሷ ነጭ ሆኖ በዋናው መንገድ ሄደች፤ አንድ ሹፌር መኪናውን አቁሞ ከጣራ ላይ ቀለም ፈስሶባት እንደ ሆነ ጠየቃት። የእርሷ ፍርድ «ሽታው ደኅና ነው፣ መቅለጥ ግን አያውቅም፤ ላሟ ምን በልታ ይሆን?» የሚል ነው። አናቷ ግን ጨርሶ አልተቃጠለም። ይህን ለክሬሙ ሠሪዎች ቢያስተላልፉላቸው ደስ ይላቸዋል።

፭ኛ. አሁን ወደ ዘርፈሽ ዓይን እመጣለሁ።

ባለቤቴ ዘርፈሽ በሐምሌ ወር በቀኝ ዓይኗ የነበረው ሞራ በቀዶ ሕክምና ተነሥቶላት ነበር። ሐኪሙ ጥቁር መነጽር ሰጥቷት «ፀሐይ እንዳያገኘው» ብሎ አስጠንቅቋታል። ዓይኑ ደኅና ሆኖ ከሰነበተ ደግሞ የግራውን ሞራ ሊያነሣላት ቀጠሮ ሰጥቷት ነበር። በዚህ ሁኔታ ላይ ሳለች ነው ትምህርትዎን ልትሰማ የመጣችው። ከፊተኛው ረድፍ ተቀመጠች። እጠፉ ሲሉ አጠፈች። ከዚያም መነጽሯን አወለቀች፤ የሚያስተምር ሰው ፊት በጥቁር መስተዋት ተሸፍኖ መቀመጥ ነውር ነው ብላ ነው። እስከዚህ ያለውን ይቅር ማለት እችል ነበር።

ነገር ግን እርስዎ ስለ ጨረሩ ሲናገሩ፣ ጨረሩም በአፍንጫዎ ላይ ሥራውን ጀምሮ ነበር። ቆብ አልነበረዎትም። ዘርፈሽ አየችዎት። ከወንበሯ ተነሥታ መድረኩን ወጣች፣ ጃንጥላዋን ዘረጋች፣ ከጎንዎ ቆማም በራስዎ ላይ ያዘችልዎት። እርስዎ «ቶዳ» ብለው አመሰገኑ፣ ሳቁ፣ ሰውም አጨበጨበ። እርሷ ግን መሳቋ አልነበረም፤ በሰው ፊት ቆሞ የሚያስተምር እንግዳ ያለ ጥላ አይተውም ብላ ነው። ክንዷ አጭር፣ እርስዎም ረጅም ስለ ሆኑ፣ ጥላው በሙሉ ለእርስዎ ደረሰ፤ እርሷ ወደ ባሕሩ ዞራ፣ አዲሱን ዓይኗን ገልጣ፣ ትምህርቱ እስኪያልቅ ድረስ ቆመች።

እኔ ከኋላ ሆኜ «አንቺ ሴት! ዓይንሽን!» ብዬ ጮኽኩ።

«አንተ ዝም በል!» አለችኝ ከመድረኩ ላይ፤ «ሰው ሲቃጠል ቁጭ ብዬ ልይ?»

ምን እንደተባባልን ኦርኒትን ጠየቋት። ኦርኒትም፣ ጨዋ ልጅ ናት ብዬዎታለሁ፣ «እየተመሰጋገኑ ነው» አለችዎት።

ፎቶ ግራፉም በሰፈሩ ጋዜጣ ወጣ። ከሥሩ «አዲስ ገቢዎች ከፀሐይ መጠበቅን ተማሩ» ይላል። ስለ «አዲስ» አልከራከርም፤ አቅፈን ወደዚህ አገር ያስገባናቸው ልጆች የጦር ሠራዊት ልብስ ለብሰዋል፣ እኛ ግን አዲስነታችን አላረጀም። በፎቶው ላይ ግን እርስዎ በጥላ ሥር፣ እርሷ በፀሐይ ላይ ናችሁ። ከዚህ ሥዕል የተማረው ማን እንደ ሆነ አንባቢው ራሱ ይፍረድ።

ከዚያ በኋላ ዓይኗ ደም መሰለ፣ ያነባም ጀመር። ሐኪሙ ተቆጣ። ቀኙ ሳይረጋ ግራውን አልነካም ብሎ ቀጠሮውን ከበዓላት በኋላ አደረገው፤ እስከዚያም በየሳምንቱ እየመጣች እንድትታይ፣ ፀሐይም ፈጽሞ እንዳያገኛት አዘዘ። እንደገና ከቀላ ግራው ዓይን ወደ ክረምቱ ተራ ይገፋል፤ በክረምቱም ተራ ይኖር እንደ ሆነ ማንም እርግጠኛ አይደለም። እስከዚያው በግራ በኩል ከቆምኩ እኔን ከበሩ መቃን አትለየኝም። አንዳንድ ጊዜ መቃኑን ስትቆጣ እሰማታለሁ። መልስ ስለማይመልስላት ከእኔ ይሻላል ብላለች።

ይህን የምጽፈው እርስዎ ክፉ ሰው ነዎት ብዬ አይደለም። አላወቁም። ሴትዮዋ ታማሚ መሆኗን ቢጠይቁ ኖሮ ያውቁ ነበር፤ መጠየቅ ግን በትምህርቱ ውስጥ አልተካተተም ነበር። ከሁሉ የሚያበሳጨኝ ዘርፈሽ አለመጸጸቷ ነው። ነገ ያለ ቆብ መድረክ ላይ ቢወጡ፣ ነገም ተነሥታ ትይዝልዎታለች። የሚስቴን ጠባይ ለማረም ዕድሜዬን በሙሉ ደክሜ አልሆነልኝም። ጣራ መሥራት ግን እችላለሁ።

፮ኛ. ስለዚህ ጣራ ሠራሁ። ዘርፈሽ ለመታየት የምትሄድበት አውቶቡስ የሚቆመው ከዚያው ከሰሌዳዎ ፊት ነው፤ የሚመጣውም በቀትር ነው፣ ያውም ደስ ሲለው። በበዓሉ ዋዜማ አያ ካሣሁንና እኔ፣ ሌሎችም ጎረቤቶች ሆነን፣ በአገራችን ለሠርግ እንደሚጣለው ያለ ዳስ በመቆሚያው ላይ ጣልን። ምሰሶው ጥሩ ነው፣ ቅጠሉም አያፈስስም። ተቆጣጣሪዎ የበዓሉ የመጀመሪያ ቀን እንዳለፈ ሮጦ ደረሰ። «ፈቃድ የለውም፣ አፍርሱት!» አለ። አያ ካሣሁንም ቀና ብሎ በየሰገነቱና በየግቢው ለበዓሉ የተሠራውን ዳስ ሁሉ በጣቱ እያሳየ «ከየትኛው እንጀምር፣ ልጄ?» አለው። ተቆጣጣሪው በዓሉ ትዝ አለውና ከበዓሉ መጨረሻ በኋላ ባለው እሑድ እንዲፈርስ የሚል ወረቀት ለጥፎ ሄደ። ምክንያቱም ተጽፏል፦ የዳሱ ጣራ «ጥላ ፈልጉ!» የሚለውን ጽሑፍ ስለሚጋርድ።

በዚህ ሳምንት ከዳሱ ሥር ያልተቀመጠ የለም። ከሩሲያ የመጡ ባልና ሚስት ቼዝ ይጫወቱበታል፤ ሕፃን የያዘች እናት ታጠባበታለች፤ ወደ ሀደራ ምዕራብ ባቡር ጣቢያ የሚሄዱ ወታደሮች ቦርሳቸውን ተንተርሰው ይተኙበታል፤ የአውቶቡሱ ሹፌር እንኳ ሞተር አጥፍቶ ውሃ ሊጠጣ ይወርዳል። አንድም ሰው ሰሌዳው የት ሄደ ብሎ አልጠየቀንም። ዘርፈሽም በዚሁ ሳምንት ዓይኗ ሳይቀላ ሄዳ፣ ሳይቀላ ተመለሰች። ሐኪሙ «እንዲህ ከቀጠለ የግራውን ሞራ በቀጠሮው ቀን አነሣዋለሁ» ብሏታል።

ቦታው ለዘመቻዎ የተሰጠ ስለ ሆነ ፈቃድ የሚሰጠው የእርስዎ ቢሮ ብቻ ነው ብለውኛል። የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ዳሱ በቦታው ይቆይ፣ ወይም ደግሞ ዘመቻዎ የቆርቆሮም ቢሆን ጣራ ያድርግበትና እኛ የእኛን በፈቃዳችን እናነሣለን። በትሕትና የማስታውቀው ደግሞ ይህን ነው፦ እኔ አላፈርስም። ይህንንም በግትርነት እንዳይተረጉሙብኝ። ወረቀትዎን ደጋግሜ አንብቤዋለሁ፤ ጥላ ፈልጉ ይላል እንጂ፣ ያገኛችሁትን መልሱ የሚል አንድም ቦታ አላገኘሁም።

ዕድሜዎ ይርዘም፤ ቆዳዎ እንደ ሕፃን ይለስልስ፤ ዓይንዎ እስከ ሽበትዎ ድረስ የልጅ ልጆችዎን ከሩቅ ይለይ፤ ደመወዝዎ እንደ ምክርዎ፣ ምክርዎም እንደ ደመወዝዎ ይሙላ እያልኩ፣ ለሰጡን ትምህርት፣ ለተከሉልን ሰሌዳና ለነሡን ዛፍ ያለኝን የማይደበዝዝ ምስጋና በአክብሮት አቀርባለሁ።

ትምህርትዎን ከኋላ ረድፍ የተከታተለው፣
ያየህ ደሳለው

ማስታወሻ፦ እሑድ ዳሱን ሊያስፈርሱ በሚመጡበት ጊዜ እንደ ልማድዎ በቀትር ከሆነ፣ ስለ ጤንነትዎ ሥጋት ገብቶኛልና ሠራተኞችዎ ውጭ ቆመው እንዳይቃጠሉ፣ እርስዎም ጭምር ወደ ውስጥ ገብታችሁ ከሥሩ ሆናችሁ ብታፈርሱት ይሻላል። አግዳሚው ላይ ቦታ እንለቅላችኋለን፣ ዘርፈሽም ውሃ ታቀርባለች። የመጨረሻውን ቅርንጫፍ ሲያነሡ ግን ቀና ብለው ይመልከቱ፤ ያን ጊዜ ከእኛ ጋር ፀሐይ ላይ ይሆናሉ።